በእርሳስ ቢሆን ኖሮ

ሮማነወርቅን የት ነበር የተውናት? ኦክላንድ ቤተ መጻሕፍት፣ የድሮ ጋዜጣ የሚነበብበት ክፍል ውስጥ፣ ከዘርእሰናይ ጎን ተቀምጣ፣ ፊቷ በርቶ። ቢበራም አይፈረድባትም። እናቷ ወይዘሮ የወርቅውሃ ከሁለት ዓመት እንቢታ በኋላ "እሺ፣ ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ይሁን" ካሉ ገና አሥራ አንድ ቀናቸው ነው። ልጅቷ ቀኑን በጣቷ ስትቆጥር ነው የምትውለው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንቢ እንዳሰኛቸው የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ላላወቀ ልንገረው። ዘርእሰናይ የአስመራ ልጅ ነው። የሮማነወርቅ ታላቅ ወንድም፣ የእናቱ አንድ ወንድ ልጅ፣ መቶ አለቃ አምሐ ባዩ በ1970 ዓ.ም. ወደዚያው አገር ዘምቶ ድምፁ ጠፋ። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። እናትና ልጅ በሱዳን በኩል አሜሪካ ገብተው ቴሌግራፍ መንገድ ላይ አፓርትመንት ሲከራዩ፣ ወይዘሮ የወርቅውሃ አንደኛውን ቁም ሳጥን "የአምሐ ነው" ብለው ባዶውን አስቀመጡት። በየዓመቱ በልደቱ አንድ ሸሚዝ እየገዙ ይሰቅሉበታል። "ልጄን የዋጠ አገር ሰው የእኔን ደጃፍ አይረግጥም!" ይሉ ነበር፣ የዘርእሰናይ ስም በተነሳ ቁጥር።

ታዲያ በምን ለዘቡ? ሮማነወርቅ ይህን አልጠየቀችም። ደስ ያለው ሰው መች ይጠይቃል!

የዘርእሰናይን ነገር ደግሞ ስሙት። በሳምንት ስድስት ቀን ሳን ሆዜ አንድ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ያቆማል። ሰባተኛዋን፣ ቅዳሜን፣ በአውቶቡስ ፍሪሞንት፣ ከፍሪሞንት ባርት በሚሉት ባቡር ኦክላንድ ይመጣና ሙታን ሲፈልግ ይውላል። አትደንግጡ፣ ጠንቋይ አይደለም። ወጣት ሳለ አስመራ፣ ቃኘው ጣቢያ፣ አሜሪካኖቹ ቤዝቦል ሲጫወቱ ውጤት ይመዘግብላቸው ነበር። ያኔ የለከፈው ነገር እዚህም አልለቀቀው አለና፣ የቤዝቦልን ታሪክ ከሚያጠኑ ሰዎች ማኅበር ገባ። ምን ዓይነት ሰዎች መሰሏችሁ! አንድ ግጥሚያ ብቻ ተጫውቶ የጠፋ ሰው እንኳ ቢሆን፣ የሞተበት ቀን ባዶ ከቀረ እንቅልፍ የላቸውም። የኦክላንድና የሳን ሆዜ አካባቢ ጠፊዎችን ለእሱ ሰጡት። እሱም የሰባ ዓመት ጋዜጣ በማይክሮፊልም እየገለጠ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለመቃብር ጠባቂው፣ ለልጅ ልጁ ደብዳቤ እየጻፈ፣ ሰውየው የት እንደወደቀ ያወጣል።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ አለው። ደንቡ ቀላል ነው። አንድ ምስክር ሲገኝ የሞቱን ቀን በእርሳስ ይጽፋል፤ ሁለተኛ ምስክር ሲገኝ በእስክሪብቶ። በእስክሪብቶ የጻፈውን አንድም ቀን ሰርዞ አያውቅም።

ይህን ደንቡን ሮማነወርቅ ትወድለት ነበር። አምና በጋ ኮሊሲየም ስታዲየም ጨዋታ ሊያሳያት ወስዷት ነበር። ከጨዋታው ምንም አልገባትም፤ አንዱ ዱላ ይዞ ሲቆም፣ ሌላው ሲተፋ፣ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። እሱ ግን ጉልበቱ ላይ ባለው ወረቀት የእያንዳንዱን ሰው ነገር በደቃቅ ምልክት ይጽፋል።

"ይህ ሁሉ ለምንህ ነው?" አለችው።

"እዚህ የገባ ሰው አይጠፋማ።"

"እኔንስ ጽፈኸኛል?"

"አንቺንማ ገና ሳይሽ። በእስክሪብቶ።"

የዚያን ዕለት ሳቋ እስከ ባርት ጣቢያው አልቆመላትም። በምትሠራበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ አሮጊቶቹን ስታገላብጥ፣ ሺፍቷ አልገፋ ሲላት፣ ይህችን ቃል እያወጣች ትሰማት ነበር። ለእሷ የፍቅር ደብዳቤ ማለት ይህች ቃል ነበረች።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ እንመለስ።

"ሮማን፣ እነዚህን ኮፒ አድርጌ ልምጣ፣ አንድ ደቂቃ" ብሎ ተነሳ። የካርዱን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ተወው። እሷም ልርዳው ብላ (አይ መርዳት!) ካርዶቹን በፊደል ተራቸው ማስተካከል ያዘች። ሁሉም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ከመጀመሪያው ፊደል መጨረሻ ላይ አንድ በአማርኛ የተጻፈ ወጣ።

አምሐ ባዩ። የእናት ስም፣ የወርቅውሃ። የተወለደበት፣ አዲስ አበባ። የሞተበት፣ ኅዳር 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ሳሕል፣ በምርኮ ላይ ሳለ፣ በወባ። ምስክር፣ ሁለት። ከጥጉ ደግሞ ካርዱ የተጻፈበት ወር፦ ጥቅምት 1979።

እሷ ግን ከስሙ ይልቅ ያፈጠጠችው ቀለሙ ላይ ነው። ካርዱን ወደ መብራቱ አስጠጋችው። በአውራ ጣቷ አሸችው፤ እርሳስ ከሆነ ይደበዝዛል። አልደበዘዘም። ጣቷን በምራቋ አርጥባ ደግማ አሸችው። ሰማያዊው ቀለም ፍንክች አላለም። ያኔ ነው "ወንድሜ" ያለችው፣ ድምፅ ሳታወጣ።

ዘርእሰናይ ወረቀቶቹን ይዞ ሲመለስ እጇን አየ። የያዘውን ሁሉ ወለሉ ላይ ለቀቀው።

"ጥቅምት" አለችው። ቤተ መጻሕፍት ነውና ሁለቱም በሹክሹክታ ነበር የሚነጋገሩት። "አሁን መጋቢት ነው፣ ዘሪ።"

"ሮማን፣ ስሚኝ..."

"እርግጠኛ ነህ? ቼክ አድርገሃል?"

እንዲዋሻት ለምና ነው የጠየቀችው። እሱ ደግሞ በዚህ ነገር መዋሸት አያውቅበትም።

"የአጎቴ ልጅ ተኽኣ፣ ሪችመንድ ያለው፣ ከታጋዮቹ ጋር ነበር። የእናትሽን ስም ሳነሳ ደነገጠ። 'በእጄ ላይ የሞተ አንድ ምርኮኛ የወርቅውሃ እያለ ነበር የሚጣራው' አለኝ። አብሮት የተማረከ ወታደር ካርቱም አለ፤ ጻፍኩለት፣ እሱም ኮንፈርም አደረገልኝ።"

"ገና ዕለት እኛ ቤት ነበርክ። እማዬ 'አምሐ ሲመጣ ፈረሰኛው የእሱ ነው' ስትል አጠገቧ ነበርክ።"

"ነበርኩ።"

"በላህ።"

"በላሁ።"

"እንዴት ወረደልህ?"

የወደቁትን ወረቀቶች ሊሰበስብ ጎንበስ ብሎ፣ "ለሽማግሌያችን ለጋሽ መንገሻ ወዲያው ነግሬያቸዋለሁ" አለ። "መርዶ የሽማግሌ ነው፣ አንተ አፍህን ዝጋ አሉኝ። ጥምቀት ይለፍ አሉ። ከዚያ እናትሽ ደም ብዛት ታመሙ። ከዚያ ደግሞ እሺ አሉን። አሁን ሠርጉ ይለፍ እያሉ ነው።"

"እና አንተ ካርድ ጻፍክ! ወንድሜን ከነዚህ ከኳስ ተጫዋቾችህ ጋር ፋይል አደረግኸው!"

"ሳልጽፈው ብተወው ሁለተኛ የገደልኩት መሰለኝ፣ ሮማን።"

ካርዱን ወደ ቦታው፣ በተራው፣ አስገባችው። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ተከትሏት እስከ ደረጃው መጣ፤ ዞራ አላየችውም። ውስጧን የሚያቃጥላት የወንድሟ ሞት ይሁን የሰውየው ዝምታ፣ ያን ጊዜ ብትጠየቅ ለይታ አትናገርም ነበር።

*

የመርዶን ነገር ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ሰብሰብ ብሎ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በር አንኳኩቶ እስኪነገር ድረስ ሐዘን የለም። ሮማነወርቅ እንግዲህ እናቷ ሳይረዱ ልታለቅስ አትችልም። መንገድ ላይ አንድ ዶናት ቤት ገብታ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ አፏን በሻርፕ አፍና አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ፣ ኩሏን ደግማ ተኩላ ቤቷ ገባች።

"ምነው ዓይንሽ?" አሏት ወይዘሮ የወርቅውሃ ገና በር ስትከፍት። እናት መቼ ትሸወዳለች!

"ማሽኑ ነው፣ እማዬ። ማይክሮፊልሙ ዓይን ይወጋል።"

"እንዲያው ይህ ሥራው! ነይ እስቲ ቁጭ በይ።" ቴሌቪዥኑን ዘጉት። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉት፤ ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ እንዲህ ያደርጋቸዋል። "አንቺ፣ ይህ ሰውዬሽ የጠፋ ሰው ያገኛል የሚሉት እውነት ነው?"

"እነሱ እኮ ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፣ እማዬ።"

"ቢሆኑስ? የሰው ልጆች አይደሉ? ከሰባ ዓመት በኋላ የሚያገኝ፣ የእኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እንዴት ያቅተዋል?" እጇን ያዙት። "አልዋሽሽም። እሺ ያልኩት ለዚህ ነው። ባዳ ሆኖ አላዘው ነገር ይከብደኛል። አማቼ ከሆነ ግን ልጄን ፈልግልኝ ብዬ ፊት ለፊት እለዋለሁ። የዚያ አገር ሰው ነው፣ ቋንቋውን ያውቃል፣ ዘመድ አለው።"

ሮማነወርቅ ፊቷን ወደ ተዘጋው ቴሌቪዥን አዞረች።

"እና... ሞቶ ቢያገኘውስ?" አለች።

ወይዘሮ የወርቅውሃ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ሞቶም ከሆነ ይንገረኝ" አሉ። "ሸሚዝ መግዛት ደከመኝ፣ ልጄ። የአንገቱን ቁጥር እንኳ ረስቼዋለሁ፤ በግምት ነው የምገዛው። ለሰው አልተናገርኩም።"

ልጅቷ "ራሴን አሞኛል" ብላ መኝታ ቤቷ ገባች። ትራሷን ነክሳ ተኛች። ከግድግዳው ወዲያ እናቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲያዜሙ ይሰማታል፤ ልጃቸውን የሚያገኝላቸው ሰው ተገኝቷላ! እንደዚያ ቀን እናቷ አሳዝነዋት አያውቁም።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ መንገሻን ታክሲያቸው አጠገብ አገኘቻቸው። ገና ሲያዩዋት ገባቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ልጁ ትናንት ኮል አድርጎ ነግሮኛል። ይህንንም ጥዋት በሰው ልኮልሻል" ብለው የታጠፈ ወረቀት ሰጧት። እዚያው ቆማ አነበበችው።

"ሮማን፣ ትናንት ሽማግሌ ከለከለኝ አልኩሽ። ውሸት ነው፤ ሽማግሌ የከለከለኝ ለእናትሽ እንዳልናገር ነው። ለአንቺ ብነግርሽ ማን ያየኝ ነበር? ያልነገርኩሽ ስለማጣሽ ነው። አንዱን ቀን ልጨምር፣ አንዱን ቀን ልጨምር ስል አምስት ወር ሞላ። የማላውቃቸው ሰዎች እንዴት እንደሞቱ ለልጆቻቸው ስጽፍ ፈርቼ አላውቅም። የአንቺን ግን ፈራሁ። አሁን ነገሩ በአንቺ እጅ ነው፤ የወሰንሽውን እቀበላለሁ። ዘርእሰናይ።"

ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ተናዳበታለች፤ ግን አልጣለችውም።

"ነገ ንጋት ላይ ይምጡልኝ፣ ጋሼ" አለች።

"ተይ እንጂ ልጄ! አምስት ሳምንት እኮ ናት የቀረችው። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው አምስት ሳምንት ምን ይጎዳዋል? ሠርግሽ ይለፍ፣ ከዚያ እኛው ወግ ባለው መንገድ እናረዳቸዋለን። አሁን ከተነገረ ቤቱ ሐዘን ነው፤ ዓመት ድረስ ሠርግ የሚባል የለም። ዓመቱ ሲያልፍስ እናትሽ ይህን ልጅ ደግመው እሺ ይሉታል? እኔ እንጃ። ራስሽን ነው የምትጎጂው።"

ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ሮማነወርቅም ልክ መሆኑን አውቃለች። አምስት ሳምንት ዝም ካለች ነጭ ልብሷን ትለብሳለች፣ ሰውዋን ታገባለች። ማንም አይፈርድባትም፤ ትልልቆቹም የሚሏት ይህንኑ ነው። አንድ ጊዜ "እሺ" ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ አልደብቃችሁም። ግን እናቷ ያንን ዜማ እያዜሙ አምስት ሳምንት ሊቀመጡ ነው። እሷ ደግሞ ሠርጓ ላይ ቆማ እናቷ ሲስሟት፣ ጆሮዋ ሥር "አሁን እንግዲህ አምሐን ይፈልግልኝ" ሲሏት ሊሰማት ነው።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለች። "ነገ ይምጡ።"

ከዚያ ወደ መኪናው ዞራ፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ ለወንድሟና ለሠርጓ ባንድ ላይ አለቀሰች።

*

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሮማነወርቅ ልብሷን እንደለበሰች ነበር የጠበቀቻቸው። ወይዘሮ የወርቅውሃ ራሳቸው ከፈቱ። ኮሪደሩ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ቆሟል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሽ መንገሻ አፋቸውን ሳይከፍቱ ወይዘሮ የወርቅውሃ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ልጄን!" አሉ። "ልጄን ነው!"

ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም፤ የራሳችሁን ሐዘን አስቡት። ከታች ያለችው ጥቁር አሜሪካዊት ጎረቤት ሰው የተገደለ መስሏት ሮጣ ወጣች። ነገሩን ስትሰማ ግን ጫማዋን አወለቀችና ከሴቶቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጋብ ሲል ወይዘሮ የወርቅውሃ ቀና አሉ። ድምፃቸው ተዘግቷል።

"ማነው ያገኘው?" አሉ።

ሰው ሁሉ ወለሉን አየ።

"ዘርእሰናይ ነው፣ እማዬ" አለች ሮማነወርቅ።

"ይምጣ።"

ከሳን ሆዜ ኦክላንድ ድረስ እንዴት እንደመጣ እሱም አያውቀውም። የሆቴል ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ። ሮማነወርቅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላ አላየችውም። የከሳ መሆኑን ግን ከእግሩ አወቀችው፤ ጫማው ሰፍቶት ነበር።

"ቁጭ በል" አሉት ወይዘሮ የወርቅውሃ። ፊት ለፊታቸው በጉልበቱ ተንበረከከ። "ቀኑን ንገረኝ።"

"ኅዳር ሃያ አንድ፣ ሰባ አንድ፣ እማማ።"

"የጽዮን ማርያም።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስዕለት ነበረብኝ፤ ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። እሱ ሲሞት እኔ ስለ እሱ ቆሜ ነበር ማለት ነው። ምን አገኘው?"

"ወባ ነው። ጥይት አይደለም። ሦስት ቀን ነው የታመመው።"

"ማን ቀበረው?"

ዘርእሰናይ ትንሽ አመነታ። "የአጎቴ ልጅ ነው። ተኽኣ ይባላል። ከወዲያ በኩል ነበር።"

ቤቱ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። ወይዘሮ የወርቅውሃ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት።

"በምን ገነዘው?"

"ተኽኣ የራሱን ነጠላ አውልቆ። ሌላ አልነበረውም። ግራር ሥር ነው፤ አውሬ እንዳይነካው ድንጋይ ሲከምርበት ዋለ።"

"ሲሞት ምን አለ?"

"እርስዎን ጠራ።"

አሮጊቷ የዘርእሰናይን እጅ ጎትተው ሳሙት፣ አንዱንም፣ ሌላውንም። "እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ። ያንንም ልጅ፣ ነጠላውን የሰጠውን፣ እናቱን ያቆይለት። አሁን ቀን አለኝ። ሙት ዓመቱን አውጥቼ እንደ ሰው አለቅሳለሁ።" ትንሽ አሰቡና፣ "መቼ ነው ያወቅኸው?" አሉት።

"እማዬ..." አለች ሮማነወርቅ።

"እሱን ነው የጠየቅኩት።"

"ጥቅምት ላይ" አለ ዘርእሰናይ።

ወይዘሮ የወርቅውሃ እጁን አልለቀቁም። ሲናገሩም አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

"ገና ዕለት የልጄን ድርሻ አንስቼ ሳስቀምጥ ታየኝ ነበር።"

"አይዎት ነበር፣ እማማ።"

"አልረግምህም። ፈርተህ ነው፣ ይገባኛል። ግን አንተን ባየሁ ቁጥር ያን ማዕድና ያን ግራር ነው የማየው። አልችለውም፣ ልጄ፤ ጉልበቱ የለኝም።" እጁን ለቀቁት። "አንዱን ልጄን አገኘህልኝ። አንዷን ተውልኝ።"

ዘርእሰናይ ግንባሩን ወለሉ ላይ አስነክቶ ተነሳ። ያኔ ሮማነወርቅን አያት፤ እሷም ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። "ሂድ" አላለችውም፣ "ቁም"ም አላለችውም። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ይቆም ነበር። የእናቷ ጣቶች ግን የቀሚሷን ጫፍ እንደ ሕፃን ጨምድደው ይዘውታል፤ ብትነሳ ማስለቀቅ አለባት።

"እግዜር ያጽናችሁ" አለ ዘርእሰናይ፣ እንደማንኛውም ለቅሶ ደራሽ፣ እና ወጣ።

ሮማነወርቅ የእግሩን ድምፅ እስከ ታችኛው ደረጃ ድረስ ሰማችው። አራት ቀን ሙሉ ተቆጥታው ነበር፤ "እንዴት ወረደልህ" የሚለው ቃል ከአፏ አልጠፋም ነበር። ወንድሟ በሰው ነጠላ ተጠቅልሎ መቀበሩን ሲናገር ቁጣዋ የት እንደገባ አጣችው። ይቅር ብላዋለች። ከልቧ፣ ሳታስቀር። ይህንንም የምትነግረው ሰው በሩን ዘግቶ ሄዷል። ወደ እናቷ ተጠጋች፤ ሴቶቹም ለወንድሟ የምታለቅስ መስሏቸው አብረዋት አለቀሱ።